የአካል ጉዳት ክፍያ እስከ መቼ ይቆያል? ዳረጎት፣ አበልና ሴፍቲኔት ጎን ለጎን

እህቴ ከሥራ የወጣችው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ኩላሊቷን አሟት፣ ቆማ መዋል አቃታት፣ የሐኪሞች ቦርድም ለሥራው ብቁ አይደለችም ብሎ ጻፈላት። የድርጅቷ የሰው ኃይል ክፍል ፋይሏን አገላብጦ "9 ዓመት ከ7 ወር ነው ያገለገልሽው፤ ዳረጎት ይደርስሻል" አላት። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ተነጋገርንበት። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። አንድ ላይ የሚመጣ ብር ነዋ! የኮንዶሚኒየሙን ውዝፍ ይዘጋል፣ የተረፈው ሱቅ ቢጤ ያስከፍታል አልን።

ዳረጎት ማለት አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ገንዘብ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። 10 ዓመት ሞልቷት ቢሆን በየወሩ፣ ዕድሜ ልኳን የሚከፈላት አበል ነበር። ልዩነቱ 5 ወር ነው። የሱቁ ወሬ እዚያው ቀረ።

እኛ ሰፈር ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይሰጡኛል?" ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ የምጠይቀው "እስከ መቼ?" ብዬ ነው። ቀጥሎ ደግሞ "ማን እንደገና ያየዋል?" እላለሁ። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን ክፍያ በአራት ነገር እመዝነዋለሁ። አንደኛ፣ ዕድሜው ስንት ነው? ወር፣ ዓመት ወይስ ዕድሜ ልክ? ሁለተኛ፣ ጉዳቱ እንደገና የሚታየው መቼና በማን ጥያቄ ነው? ሦስተኛ፣ ምን ያቆመዋል? አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ክፍያው የሚከተለው ማንን ነው? አሠሪን ወይስ መኖሪያን?

አራተኛው ለዳር ከተማ ሰው ቀልድ አይደለም። ከቃሊቲ አልፋችሁ ወደ ገላን ስትወርዱ፣ ወይም ከዓለም ባንክ ወደ ሰበታ ስትሄዱ፣ አንዱ መንደር አዲስ አበባ ነው፣ ማዶው ሸገር ከተማ ነው። ጡረታ አሠሪህን እንጂ መታወቂያህን አይጠይቅም። ሴፍቲኔትና ጤና መድህን ግን ወረዳን ይከተላሉ። ቤት የቀየረ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጠፋው።

እውነቱን ለመናገር እነዚህ ክፍያዎች እንደ ሸቀጥ ተዟዙረህ የምትመርጣቸው አይደሉም። የትኛው እንደሚደርስህ ሕጉ ይወስናል። በእጅህ ያለው ምርጫ ሌላ ነው፦ ጉዳቱ በምን ስም ይመዝገብ፣ መልቀቂያ መቼ ይፈረም፣ "እንስማማ" የሚለውን ሰው እሺ ልበለው ወይ፣ እንደገና ልመርመር ብዬ ልጠይቅ ወይ። ገንዘቡ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እነዚህ ላይ ነው።

የሕመም ፈቃድ፦ 6 ወር፣ ግማሹ ባዶ

ሕመሙ ከሥራው ካልመጣ፣ በግል ድርጅት ያለ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ ቢበዛ 6 ወር ይፈቀድለታል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው።

በ6,000 ብር ደመወዝ እናስላው። 6,000 ሲደመር ሁለት ጊዜ 3,000፣ በጠቅላላው 12,000 ብር። ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታህ እንጂ ደመወዝህ አይጠበቅም። ይህን 12,000 ያዙልኝ፤ ከቀጣዩ ጋር ስታስተያዩት ነው ነገሩ የሚወጣው።

ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት፦ እስከ 12 ወር

ያው ሰው፣ ያው ደመወዝ፣ ያው አልጋ ላይ መዋል። ነገር ግን ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ ከተመዘገበ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከግማሽ ያላነሰ ይከፈላል። 18,000፣ 13,500፣ 18,000። ድምሩ 49,500 ብር። ከሕመም ፈቃዱ አራት እጥፍ በላይ ነው። ሕክምናውም በአሠሪው ነው፤ መድኃኒቱ፣ ቀዶ ጥገናው፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም እሱ ጭምር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ወሳኝ ነው። ክሊኒክ ስትደርሱ ካርዱ ላይ "ወደቀ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የት ወደቀ? ቤቱ? ባር ቤት? "ሥራ ላይ እያለ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ማሽን" ተብሎ ይጻፍ። ሐኪሙን ለምኑት። ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ።

የመንገድ ላይ አደጋም አለ። ከአያት ወይም ከኮዬ ተነስቶ ዱከም የሚሠራ ስንት ሰው አለ! ሕጉ የሚያውቀው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው ሰርቪስ ላይ የደረሰውን ነው። ሰርቪሱ አምልጦህ ሚኒባስ ታክሲ ይዘህ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ይህ ክፍያ የሚያበቃው ከሦስቱ ቀድሞ በደረሰው ነው፦ 12 ወር ሲሞላ፣ ሐኪም ድነሃል ሲል፣ ወይም ወደ ዘላቂው አበል ወይም ዳረጎት ስትሸጋገር። መሐል ላይ የሚያስቆመው ነገርም አለ። ምርመራ አልሄድም ማለት፣ ሐኪም ያዘዘውን ችላ ማለት፣ መዳንን የሚያዘገይ ነገር ማድረግ። ክፍያው ይታገዳል። ምክንያቱ ሲነሳ ይቀጥላል፣ ለታገደበት ጊዜ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም። "ታክሲ አጥቼ ነው" ብላችሁ ቀጠሮ የምታሳልፉ ሰዎች፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቦርዱ፣ ፐርሰንቱና ዳግም ምርመራው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

ሕክምናው ሲረጋ የሐኪሞች ቦርድ ቁጭ ብሎ ጉዳቱን በፐርሰንት ይተምነዋል። የሕጉ ሐሳብ ይህ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲያልቅ ነው። ወረቀቱ አንድ ገጽ ናት። ከላይ ስምና የካርድ ቁጥር፣ መሐል በሐኪም እጅ ጽሕፈት የተሞላ ነገር፣ ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሕይወትህን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ "ዘላቂ" ወይም "ጊዜያዊ" የሚለው ቃልና ፐርሰንቱ። ማኅተሙ ቁጥሩ ላይ ካረፈና ካልተነበበ እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉልኝ በሉ። ለዚሁ ብቻ በሳምንቱ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው የቦርዱ ቃል የመጨረሻ አለመሆኑን ነው። ጉዳቱ ከባሰ፣ ከተሻለ፣ ወይም መጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ስህተት ከነበረ እንደገና ይታያል። ጥያቄውን ሠራተኛው፣ አሠሪው ወይም የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። ውጤቱም በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ክፍያው ሊጨምር ይችላል፣ ሊቀንስ ይችላል፣ ጭራሽ ሊነሳም ይችላል። በጉዳት ላይ ጉዳት ከተደረበም ጠቅላላው ከአዲስ ይታያል። እዚህ ላይ የተቆረጠ ቀን የለም፣ በየ3 ዓመቱ ምናምን የሚባል ነገር የለም። የሚነሳው ሰው ሲጠይቅ ነው። ዝም ካልህ ዝም ነው።

የጎረቤታችንን ልጅ ላንሳ። ፉሪ አካባቢ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የመሰንጠቂያው ማሽን ሁለት ጣቶቹን ጎዳበት። ባለቤቱ ጡረታ አላስመዘገበውም ነበር። ሆስፒታል ድረስ መጥቶ "30,000 ብር እሰጥሃለሁ፣ ፈርም፣ በወንድማማች እንጨርስ" አለው። ልጁ ሊፈርም እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። እናቱ ናቸው "ኧረ ቆይ፣ ሰው እንጠይቅ" ያሉት።

ቦርዱ 12 በመቶ አለ። ደመወዙ 6,000 ነበር። በሕጉ መሠረት ጡረታ ውስጥ ያልገባ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ በፐርሰንቱ ልክ። የ5 ዓመቱ 360,000 ብር ነው። 12 በመቶው 43,200። ከተባለው 30,000 ይሻላል አይደል? ግን አላለቀም። ከወራት በኋላ ቁስሉ ድኖ ጅማቱ ደረቀ፣ የእጁ አንጓ አልታጠፍ አለ። ብርጭቆ ሲያነሳ አይቼዋለሁ፣ በሁለት መዳፉ ነው እንደ ሕፃን የሚይዘው። እንደገና ልታይ ብሎ ጠየቀ። 20 በመቶ ሆነለት። 72,000። ልዩነቱ 28,800 ብር ነው፣ ያመጣው አንድ ማመልከቻ ነው። ምልልሱ ግን ነፍስ ያወጣል፣ አልዋሽም። ሁለት ታክሲ፣ ረጅም ሰልፍ፣ "ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ ማክሰኞ ና።

መጠየቅ የማይመከርበት ጊዜም አለ። እጃችሁ በደንብ ከተሻለና ቁጥራችሁ ጥሩ ከሆነ፣ ለአሥር ሺህ ብር ጭማሪ ብላችሁ በሩን አትክፈቱ። የሚመለከቷችሁ ሐኪሞች መዳናችሁንም ያያሉ።

ይህ ክፍያ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ለሌላ ዕዳም አይያዝም፣ አሠሪው "የወሰድከውን ብድር ልቀንስ" ብሎ ሊያቻችለው አይችልም። ክርክር ከመጣ ደግሞ አታንቀላፉ፤ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በጥቅሉ በ1 ዓመት ይታገዳል።

የጡረታው ቤት፦ ዳረጎት ወይስ አበል

ደመወዝህ ላይ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ አሠሪው 11 በመቶ እየጨመረ ገቢ የሚያደርግ ከሆነ ጉዳይህ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይሄዳል። የግል ድርጅቱ ሠራተኛ በአዋጅ 1268/2014፣ የመንግሥቱ በአዋጅ 1267/2014 ይታያል። እዚህ ቤት ውስጥ አራት በር አለ። ሁለቱ ዕድሜ ልክ፣ ሁለቱ አንድ ጊዜ።

የመጀመሪያው የጉዳት ጡረታ አበል ነው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከነጭራሹ መሥራት ያልቻለ ሰው ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ያገኛል፣ እስከ ዕድሜ ልኩ። ስንት ዓመት አገለገልክ አይባልም። ትናንት የተቀጠረም ቢሆን።

ሁለተኛው የጉዳት ዳረጎት ነው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት ግን ለሚችል ሰው ነው። ሒሳቡ ያው 47 በመቶ፣ በ60 ወር ተባዝቶ፣ በጉዳቱ ፐርሰንት ይባዛል። ደመወዝ 6,000፣ ጉዳት 25 በመቶ ከሆነ፦ 2,820 ሲባዛ በ60፣ 169,200፤ የዚያ ሩብ 42,300 ብር። አንዴ ይከፈላል፣ አለቀ። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ባዶ ነው። 9 በመቶ የተባለ ሰው ዳግም ምርመራን ሊያስብበት የሚገባው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ነው። ሕመሙ ከሥራ ባይመጣም፣ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በጤና ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ ሰው ዕድሜ ልኩን ያገኘዋል። መነሻው የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 14 ዓመት ያገለገለ 35 በመቶ፣ 22 ዓመት ያገለገለ 45 በመቶ። አራተኛው የጤና ጉድለት ዳረጎት ነው፤ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው አንዴ ተቀብሎ የሚሰናበትበት። የእህቴ በር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሥራ ላይ ተጎድቶ መሥራት ያልቻለ ሰው አገልግሎቱ ረጅም ከሆነ ከሁለቱ ስሌት፣ ከ47 በመቶውና በአገልግሎት ዓመት ከሚሰላው፣ የሚበልጠው ነው የሚወሰድለት። ፐርሰንቱን ብቻ ካየን 24 ዓመት አካባቢ ሲደርስ የአገልግሎቱ ስሌት 47ን ያልፋል። አማካይ ደመወዝ ከመጨረሻው ወር ደመወዝ ስለሚያንስ ግን በብር ሲሰላ ትንሽ ይዘገያል። አስሉልኝ በሉ።

አበሉ ሌላ ጥቅም አለው። ባለመብቱ ሲያርፍ ቤተሰቡን ይከተላል፤ ለባል ወይም ለሚስት ግማሹ፣ ለልጆችም ድርሻ አለ። ዳረጎት ግን ሱቁ ከከሰረ ከሰረ ነው። የቦርዱ ፈተና የሚከብደውም መግቢያው ላይ ነው፤ ለአበሉ በር ሰነዱን ሳታሟሉ አትሂዱ።

እንግዲህ የእህቴ ነገር እንዴት ሆነ? እናታችን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የማታስቀምጠው ወረቀት የለም። የመብራት ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድ፣ የ1990ዎቹ የዕድር ደብተር። እዚያ ውስጥ ከ2004 ዓ.ም. የነበረ የደመወዝ ፔሮል ቅጂ ተገኘ። እህቴ ከአሁኑ ድርጅት በፊት ሌላ ቦታ 14 ወር ሠርታ ነበር፤ የግል ድርጅቶች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ከጀመረ በኋላ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የጡረታ መለያ ቁጥሯ አለ፣ መዋጮውም ተቆርጧል። በተለያየ ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይደመራል፤ ከመንግሥት ወደ ግል የተዛወረም እንዲሁ። 9 ዓመት ከ7 ወር ሲደመር 14 ወር፣ 10 ዓመት ከ9 ወር። የሰው ኃይል ክፍሉ ያየው የራሱን ፋይል ብቻ ነበር። ሆን ብለው አይመስለኝም። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሴፍቲኔት፦ ፕሮጀክት ነው

አሠሪ የሌለው ሰውስ? ጉሊት የምትቸረችር፣ ቀን ሥራ የሚውል፣ ከልጅነቱ አካል ጉዳተኛ የሆነ። ለእሱ ያለው የከተማ ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ፣ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። ሁለት ክፍል አለው። መንገድ ሲጠርጉ፣ አረንጓዴ ሲያለሙ የምታዩዋቸው ሠርተው የሚከፈላቸው ናቸው፤ ለእነሱ የተተለመው 3 ዓመት ቆይተው እንዲመረቁ ነው። መሥራት የማይችሉት፣ አረጋውያን፣ የጸና ሕመም ያለባቸውና አካል ጉዳተኞች ግን በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ፤ ሥራ አይጠየቁም።

መልማዩ የሐኪም ቦርድ ሳይሆን የቀጠና ኮሚቴ ነው። የሚለካውም በዋናነት የቤቱ ድህነት ነው። ስለዚህ ጉዳትህ ባይለወጥም የቤተሰብህ ኑሮ ከተለወጠ ጉዳይህ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮሚቴው ያላወቀህ ከሆነ ደግሞ ከነመኖርህም አትታይም፤ አዲስ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን ሳያውቅ ስንት ዓመት ይኖራል። ጥሩነቱ መዋጮ፣ የሥራ ዘመን፣ ፋይል አይጠይቅም። ችግሩ በፕሮጀክት ዕድሜ የሚኖር መሆኑ ነው። ዕድሜ ልክ የሚል ቃል የለበትም። ምልመላ መቼ እንደሚካሄድ ወረዳ ጠይቁ፣ ዙሩ ካለፈ መጠበቅ ነው።

ሁለት አጫጭር ማስታወሻ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ገንዘብ አይሰጥም፣ ሕክምና ነው። ዕድሜው 1 ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል። መክፈል የማይችሉ ድሆች መዋጯቸው ይሸፈንላቸዋል። ማደሻውን ያሳለፈ ሰው የሚያስታውሰው ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ነው።

መኪና የገጨው ሰው ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አለው። የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፣ ጣሪያም አለው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ከሌለ የለም።

የአሜሪካው ወሬ

ቲክቶክ ላይ በአማርኛ "ዲስኤቢሊቲ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል" የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። አልዋሹም፣ ግን የሚያወሩት ስለ አሜሪካ ነው። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳቱ ይሻሻላል ተብሎ ከተጠበቀ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ ሊሻሻል ይችላል ከተባለ በየ3 ዓመቱ ገደማ፣ አይሻሻልም ከተባለ በየ7 ዓመቱ ገደማ ያየዋል። እንግሊዝ አገር ፒፕ የሚሉት ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ የማብቂያ ቀን አለው፤ የማይለወጥ ሁኔታ ላለበት ሰው ግን ቀለል ያለ ግምገማ በ10ኛው ዓመት ያደርጋሉ። እዚያ መንግሥት ራሱ ይጠራሃል። እዚህ አንተ ነህ የምትጠራው። ቪዲዮውን አይታችሁ "ሦስት ዓመት ሲሞላ ይደውሉልኛል" ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| ክፍያው | ዕድሜው | ዳግም የሚታየው | የሚያቆመው | የሚከተለው |
|---|---|---|---|---|
| የሕመም ፈቃድ | በ12 ወር ውስጥ 6 ወር | በሐኪም ማስረጃ | ጊዜው ሲያልቅ | አሠሪን |
| የጊዜያዊ ጉዳት ክፍያ | እስከ 12 ወር | በሕክምና ክትትል | መዳን፤ ምርመራ እምቢ ማለት ያሳግዳል | አሠሪን |
| የ5 ዓመት ደመወዝ ካሳ (ጡረታ ለሌለው) | አንድ ጊዜ | ሲብስ፣ ሲሻል ወይም ሲሳሳት፣ በጥያቄ | ከተከፈለ አለቀ | አሠሪን |
| የጉዳት ዳረጎት | አንድ ጊዜ | ፐርሰንቱ ከመጽናቱ በፊት ተከራከሩ | ከተከፈለ አለቀ | የጡረታ መዋጮን |
| የጉዳት ጡረታ አበል | ዕድሜ ልክ | ዋናው ፈተና መግቢያው ላይ | ሞት፤ ለተተኪ ይተላለፋል | የጡረታ መዋጮን |
| የጤና ጉድለት ጡረታ አበል | ዕድሜ ልክ (10 ዓመት ከሞላ) | ዋናው ፈተና መግቢያው ላይ | ሞት፤ ለተተኪ ይተላለፋል | የጡረታ መዋጮን |
| ሴፍቲኔት፣ ቀጥታ ድጋፍ | በፕሮጀክቱ ዘመን | በኮሚቴ፣ በኑሮ መለኪያ | ፕሮጀክቱ ሲያልቅ፣ ኑሮ ሲለወጥ | ወረዳን |
| ጤና መድህን | 1 ዓመት | በየዓመቱ እድሳት | አለማደስ | ወረዳን |

ለማን የቱ?

ሥራ ላይ ተጎድተህ እጅህ ላይ ምንም ብር ከሌለ፣ "እንስማማ" የሚለው ሰው ያጓጓሃል። አውቃለሁ፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ግን የ12 ወሩ ክፍያ እኮ ለዚሁ ነው የተሠራው፤ ቦርዱ እስኪወስን ያቆይሃል። መጀመሪያ እሱን አስጀምር። ካሳውን ፐርሰንቱ ሳይታወቅ አትፈርም።

ከ10 ዓመት ጥቂት ወር የቀረህ ከሆነ መልቀቂያ እንዳታስገባ። ያልወሰድከው ዓመት ፈቃድ አለ? ደመወዝ ያለው የሕመም ፈቃድ አለ? ቀለል ያለ ሥራ ላይ መመደብ ይቻላል? የድሮ አሠሪ አለ? መለያ ቁጥርህን ይዘህ አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄደህ ስንት ወር ገቢ እንደተደረገልህ ጠይቅ። ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ካለም ያን ጊዜ ይወጣል፣ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የምትሠራበት ቤት ጡረታ ካላስመዘገበህ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነህ ማለት አይደለም። ለከፊል ጉዳት የሠራተኛ ሕጉ ካሳ ከጡረታው ዳረጎት ይበልጣል። በ6,000 ብር ደመወዝ ለ25 በመቶ ጉዳት 90,000 እና 42,300 ነው። ችግሩ የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን ያ ሰውዬ መሆኑ ነው። ወርክሾፑን ዘግቶ ከጠፋ ፍርድህን ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለህ። ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሰው ግን ያለ ጥርጥር አበሉን እመርጣለሁ። 360,000 ብር ትልቅ ይመስላል። በወር 2,820 አበል በ10 ዓመት ከ8 ወር እዚያ ይደርሳል፤ የተጎዳው ሰው ደግሞ የ28 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። የብር ዋጋ ይወርዳል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን እኔ ካየኋቸው የዳረጎት ሱቆች ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የደፈነው አንድ ነው፣ እሱም የሚስትየው እንጀራ ነው ያቆመው።

ቀጣሪም መዋጮም የሌለው ሰው ሁለቱን አብሮ ይያዝ፤ ሴፍቲኔቱንና ጤና መድህኑን። ከአዲስ አበባ ወደ ሸገር፣ ወይም ከሸገር ወደ አዲስ አበባ ቤት ልትቀይር ከሆነ መሸኛህን ከማውጣትህ በፊት ወረዳው ውስጥ ምን ምን እንደሚቋረጥብህ ጠይቅ። ኪራይ በ500 ብር ረከሰ ብለው ሄደው ድጋፉን ያጡ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሉ።

ወጪን በተመለከተ፦ ዳር ላለ ሰው ትልቁ ወጪ መንገዱ ነው። ስለዚህ አንድ ጉዞ ላይ ብዙ ጉዳይ ይከማች። ቦርድ በቀረባችሁ ቀን የካርዱን ሙሉ ቅጂ፣ ራጁን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን አብራችሁ አውጡ። ኦርጅናሉን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ። ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ለዘመድ ላኩት። ቴሌግራም ላይ የራሳችሁ ሴቭድ ሜሴጅም ይሆናል፣ ስልክ ቢሰረቅ አይጠፋም።

የእህቴ አበል በየወሩ ይገባል። ከባንክ የሚመጣው አጭር መልእክት ሲጮህ ማንበብ የምትጀምረው እናታችን ናት፣ መነጽሯን ፈልጋ። ብዙ ብር አይደለም። የብስኩት ቆርቆሮውን ግን አልጋ ሥር አስገብታዋለች፣ ማንም እንዳይነካው ብላ፣ ባለፈው ሳምንት የውኃ ደረሰኝ ልጥል ስል እጄን መታችኝ።